ባለቤቴ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፤ ሐኪሙ ግን እስከ ጥቅምት 2 ድረስ እንድነግራት ጠይቆኛል

ታቦር ሥር | መስከረም 25

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ባለቤቴ 39 ዓመቷ ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ትንሹ ገና ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። ሰኔ ላይ ባለቤቴ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ጠጣር ነገር በእጇ ዳሰሰች። ስላላመማት «ራሱ ይጠፋል» ብለን ክረምቱን አሳለፍነው። ነሐሴ ላይ ግን እብጠቱ አድጎ በብብቷም ሥር ንፍፊት ስለ ወጣባት ሐኪም ቤት ሄድን፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱም ባለፈው ሳምንት ወጣ። የጡት ካንሰር ነው።

ውጤቱን የሰማነው እኔና ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነን። እርሷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ወንድሟ «ልቧ አይችልም፣ እንዳይነገራት» ብሎ ሐኪሙን ስለ ለመነው፣ እጢ መሆኑንና መድኃኒት እንደሚጀመርላት ብቻ ተነገራት። ሐኪሙ ነገሩን አልወደደውም፤ እኔን ለብቻዬ አስቀርቶ «የምትታከመው እርሷ ናት፤ ምን እንደምትታከም ሳታውቅ ኪሞ አልጀምርላትም፤ ጥቅምት 2 ስትመጡ ዐውቃ ትምጣ» አለኝ። ኪሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ጥቅምት 6 ይጀመራል፤ በየ21 ቀኑ ስምንት ጊዜ ይሰጣታል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ይከተላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሹክሹክታ ቤት ሆኗል። ወንድሞቿ ከዲላ ይመላለሳሉ፤ አንደኛው በግ እየጎተተ መጣ። እናቷ ባዩአት ቁጥር ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔም ልጆቹ ከተኙ በኋላ የጓሮውን በር የምዘጋ መስዬ እየወጣሁ አለቅሳለሁ። የሚገርመው እርሷ ደኅና መሆኗ ነው። እንዲያውም ሰሞኑን ብርታት አግኝታ ሃያ ኪሎ የሐላባ በርበሬ አስገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ አስጥታ፣ በአንድ ሳምንት አስፈጭታ ጨረሰች፤ ሽሮውንም እንደዚሁ። ይህን ሳይ «በሰላም የምትንጎዳጎደውን ሴት በአንድ ቃል ለምን ልስበራት?» እላለሁ። ወንድሞቿ ደግሞ ኪሞው ይቅርና ጠበል እንውሰዳት ይላሉ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ባለትዳሮች ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ቃሉን ልናገረው ወይስ ልዋጠው?

የወንድም ልብ | መስከረም 25

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላት። እኔ በወንድሟ ሐሳብ እስማማለሁ። አክስቴ ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ አንድ ወጣት ሐኪም ፊት ለፊት «ካንሰር ነው» ካላቸው ቀን ጀምሮ ግን እህል አልቀመሱም፤ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ዐረፉ። በእኛ ባህል ለሰው መርዶ እንኳ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ለታማሚማ ጭራሽ አይነገርም። «እጢ ነው፣ በመድኃኒት ይሟሽሻል» በሏትና ትታከም።

ስድስተኛ ዓመቴ | መስከረም 26

እኔ ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናዬ በኋላ ስድስተኛ ዓመቴን የያዝኩ፣ እዚሁ ሐዋሳ የምኖር ሴት ነኝ። ቀኝ ጡቴ የለም፤ እኔ ግን አለሁ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከልጄ ጋር ሦስት ዙር ተመላልሼ መጥቻለሁ።

ስለ መንገሩ ከመጻፌ በፊት ስለ በርበሬው ልጠይቅህ፤ ጽሑፍህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነውና። መስከረም ላይ፣ ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት እየጠቆረ በሚያካፋበት በዚህ ሰሞን፣ በርበሬ የምታሰጣ የሐዋሳ የቤት እመቤት አላየሁም። ሰው በርበሬውን የሚያዘጋጀው ፀሐዩ ሲጸና፣ አዲሱም ምርት ገበያ ሲገባ ነው። ለአራት ሰው ቤትስ ሃያ ኪሎ በአንድ ጊዜ ለምን ያስፈልጋል? አንተ ብርታት ነው ብለኸዋል። እኔ ግን ቤቷን የምታሰናዳ ሴት ትመስለኛለች። ማስፈራራቴ አይደለም፤ ሂድና ጠይቃት።

እኔም ገና ሳይነገረኝ ዐውቄ ነበር። ስገባ ወሬ የሚቋረጥበት፣ አበዳሪዬ ሳይቀር «ገንዘቡ ይቆይልሽ» የሚለኝ ጊዜ መጣ። በኋላ ሐኪሜ በግልጽ ሲያስረዳኝ የተሰማኝ ድንጋጤ ብቻ አልነበረም። ስንት ጊዜ መድኃኒት እንደምወስድ፣ ከዚያ ምን እንደሚከተል፣ ዕጢዬ የሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም በሴት ሆርሞን የሚያድግ ስለ ሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በየቀኑ አንዲት ታሞክሲፈን የምትባል ክኒን እንደምውጥ ሁሉ ተነገረኝ። መጀመሪያ 5 ዓመት ተብሎ ነበር፤ አሁን ሐኪሜ እስከ 10 ዓመት ሊያስቀጥለኝ ይፈልጋል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን መንገድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ለ«የወንድም ልብ»፦ አክስትዎን ነፍስ ይማር። ይሁንና እርሳቸውን የገደላቸው ቃሉ ነው ወይስ ምንም ሕክምና ሳያገኙ የቆዩት በሽታ ነው የሚለውን እርስዎ ራስዎ ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ዝምተኛው | መስከረም 26

ለመጻፍ ከትናንት ጀምሮ አመነታሁ። ባለቤቴ በሕይወት የለችም፤ ስለዚህ የተስፋ ቃል ከሚጠበቅባቸው ሰዎች ወገን አይደለሁም። የእርሷ በሽታ ሲታወቅ አጥንትና ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የአንተ ባለቤት ገና እንዲህ ያለ ነገር አልተባለችምና የእኔን ታሪክ በእርሷ ላይ አታንብበው።

የምነግርህ ስለ ዝምታው ነው። አንድ ዓመት ከሦስት ወር አብረን ታከምን፤ ስምንቱን ወር በሐሰት ኖርኩ። ከሐኪሞቹ ጋር በኮሪደር እየተንሾካሾክሁ፣ ወረቀቱን በኮቴ የውስጥ ኪስ እየደበቅሁ፣ «ምን አለ?» ስትለኝ «ደኅና ነው አለ» እያልኩ። እርሷም ላለማሳዘን የምትናገረው ነገር አጠረ፤ ሁለታችንም ተዋናይ ሆነን በአንድ አልጋ ተኛን። በስምንተኛው ወር ራሷ «አሁን እንነጋገር» አለችኝ። ቀሪው ሰባት ወር በትዳራችን ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የተሻለው ነው፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ እናቷ፣ በ20 ዓመታችን እዚህ ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል እንዴት እንደ ተዋወቅን ሁሉ አወራን። የሚቆጨኝ መሞቷ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ስምንት ወራት ናቸው።

ኮቱን ለሰው ሰጥቼዋለሁ።

የንስሐ አባት | መስከረም 27

ልጄ፣ ስለ ጠበሉ ጉዳይ አንድ ካህን ሳይመልስልህ እንዳይቀር ብዬ ነው። ለወንድሞቿ ከእኔ እንደ ሰማህ ንገራቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሐኪምን ባላጋራ አድርጋ አታይም። ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ እጅ የተሰጡ ናቸው። «ወይ ይህ ወይ ያ» የሚለውን ምርጫ ያመጣነው እኛ ነን። ከንስሐ ልጆቼ መካከል ሦስት ሴቶች መድኃኒቱን ትተው ጠበል ቦታ ሰንብተው፣ ቁስሉ ፈንድቶ ወደ ሐኪም የተመለሱ አሉኝ፤ በጊዜው ብንመክራቸው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ጾምም ያሳስባት ይሆናል። አሁን የያዝነው ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት ግን በመድኃኒቷ መካከል ይውላል። ለታመመ ሰው ጾም በንስሐ አባቱ ፈቃድ ይቀልለታል፤ እንቁላልና ወተት ብትወስድ ኃጢአት እንደማይሆንባት እርሷ ራሷ ከንስሐ አባቷ አንደበት ትስማ። እንዲህ ያለውን ነገር ከባል ሲሰሙት አያርፉበትም።

ታቦር ሥር | መስከረም 30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገርኳት።

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ገባሁ። መሬት ላይ ተቀምጣ የተፈጨውን በርበሬ በሦስት ክዳን ባላቸው ባልዲዎች እየደለደለች ነበር። አንደኛው እስከ ፋሲካ፣ ሁለተኛው እስከ ክረምት፣ ሦስተኛው ለሚቀጥለው ዓመት እንደ ሆነ፣ ለአንድ ወጥ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃም ለልጃችን እንዳሳየቻት ነገረችኝ። «ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለእናንተ ነዋ» አለችኝ።

«ለእኛ» አላለችም። አብሬያት 14 ዓመት ስኖር ስለዚህ ቤት ስታወራ «እናንተ» ብላ አታውቅም።

አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «ካንሰር ነው» አልኳት። ለእርሷ ያጠናሁት ረጅም ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ ይህችው ብቻ ወጣች። ዝም ብላ የባልዲውን ክዳን ገጠመችና «መድኃኒት አለው?» አለችኝ። አለው ብዬ ስምንቱን ዙር፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ጨረሩን፣ በደረጃ ሁለት እንደ ደረሰና ሐኪሙ ለመዳን እንጂ ለማስታገስ እንደማያክማት የነገረኝን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በጉ ሲመጣ፣ እናቷ ሲያለቅሱ፣ እኔ ጓሮ ስወጣ እያየች (ለካ የመስኮቱ መጋረጃ አጭር ነው) የሐኪሞች ተስፋ ተቆርጦ የሚሰጣት ነገር ማስታገሻ ብቻ መስሏት ነበር። የጆሮ ጌጧን ለእህቷ ሰጥታለች፤ የዕቁቧን ዕጣ ቀድማ ለማውጣት ለምናለች። እኔ ከካንሰር ላድናት ብዬ ዝም ስል፣ እርሷ ከካንሰር የከፋ ነገር ስታምን ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው።

አሁን ፍርሃቷ ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ኪሞው ነው፤ ጥያቄዋም ብዙ ነው። ፀጉሯ ይረግፍ ይሆን? ምን ትብላ? ልጆቹን ማቀፍ ትችላለች? የምታውቁትን ጻፉልን፤ ጎን ለጎን ሆነን ነው የምናነብበው።

ነርሷ | ጥቅምት 1

በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የምጽፈው አጠቃላይ ነገር ነው፤ ሐኪማችሁ የተለየ ነገር ካላችሁ የእርሱ ይቅደም።

እህቴ፣ በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር የሚሰጥ ሕክምና በተለመደው አካሄድ መጀመሪያዎቹ አራቱ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ፣ የኋለኞቹ አራቱ ፓክሊታክሴል ናቸው። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። በዚያ ቀንና በማግስቱ ሽንትሽ ቢቀላ ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ይህን ሳይነገራቸው ሌሊት ባጃጅ ይዘው እየጮኹ የመጡ ሰዎች ተቀብያለሁ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ስለሚያቃጥል፣ ሲሰጥሽ መርፌው የገባበት ቦታ ከለበለበሽ ወይም ካበጠ ወዲያው ተናገሪ። «ሥራ በዝቶባቸዋል፣ አላስቸግራቸው» ብለሽ እንዳትታገሺ፤ በዚህ ብቻ እንቆጣለን። ልብን ሊያደክም ስለሚችልም ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ ልብሽ ታመመ ማለት አይደለም።

ፀጉር በዚህ መድኃኒት ይረግፋል፤ አላባብልሽም። ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ይጀምራል፤ ቅንድብም ሊከተል ይችላል። ሕክምናው ካበቃ በኋላ ተመልሶ ይበቅላል።

አስታማሚ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ትኩሳትን ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በግምት ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፤ በዚያ ሰሞን ትንሽ ኢንፌክሽን ሰውን ይጥላል። ከመድኃኒት ቤት አንድ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ «ነገ ቀጠሮ አላት» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁም አታሳድሩ። በር ላይ «ኪሞ ላይ ናት» ማለት አይረሳ። በነዚህ ቀናት ጥሬ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ አሞራ ገደልም ሄዶ በአዋዜ የሚበላው ጥሬ ዓሣ ይቅር፤ የበሰለው የዓሣ ሾርባ ግን ለሆድም ለጉልበትም ጥሩ ነው። አባታችን ስለ ጠበሉ በጻፉት እስማማለሁ፤ ሴሉ በሚወርድበት ሳምንት ግን ብዙ ሰው የሚጋፋበት ቦታ ባትሄድ፣ ያልፈላ ውሃም ባትጠጣ ይሻላል። በየዙሩ አስቀድሞ ደም ይመረመራል፤ ሴሉ ካልተመለሰ ቀጠሮው በሳምንት ይገፋል። ይህ የተለመደ ነው፣ «ሰውነቷ እምቢ አለ» ብላችሁ አትደንግጡ።

ሴቶች ለወንድ ሐኪም መናገር የሚያፍሩት አንድ ነገር አለ። የሦስት ወር መርፌ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ የምትጠቀሚ ከሆነ ንገሪያቸው። ሆርሞን ያለባቸው መከላከያዎች ለጡት ካንሰር ታማሚ አይሆኑም፤ በዚህ ሕክምና ላይ ሆኖ ማርገዝም አይገባም፣ ስለዚህ ሌላ ዘዴ ይመረጥላችኋል።

በሽታው አይተላለፍም። ልጆችሽን እቀፊ፣ በአንድ ትሪ ብሉ፣ ባልሽ አጠገብሽ ይተኛ። መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ ሁለት ቀን ያህል ግን ትውከትና ሽንት የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በግንኙነት ጊዜም ኮንዶም ይጠቀሙ። ጨረሩም ቢሆን ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ስለ ሆነ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ከጨረር ክፍል የወጣች እናት ልጇን ብታቅፍ ምንም አይሆንም።

ቅጠል አዋቂ | ጥቅምት 1

ከኪሞው ጋር አብሮ የሚወሰድ፣ ደም የሚያጠራ ቅጠል አለ። ብዙ ሰው ድኖበታል፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር አድራሻ እሰጣለሁ።

ነርሷ | ጥቅምት 1

ወንድሜ፣ እባክህ እዚህ አትሽጥ። ኪሞው በጉበትና በኩላሊት በኩል የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል ሲጨመርበት ጉበቷ የተጎዳ ሴት ዙሯ ይቋረጣል። የሚወሰድ ነገር ካለ፣ ዳማከሴም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለሐኪሟ ይነገር።

ሸኚው | ጥቅምት 3

እኔ ባለቤቴን ከሐዋሳ አዲስ አበባ እያመላለስኩ ያሳከምኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣ ሱቃችን ውስጥ ከእኔ በላይ ትደራደራለች። ስለ ገንዘቡና ስለ ጊዜው ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣው።

ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ አሁን ሌሎች ቢጨመሩም ወረፋ የለም ብላችሁ አትገምቱ። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ጨረሩ የት እንደሚሰጣትና ወረፋው መቼ እንደሚያዝ ከአሁኑ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን ለተከታታይ ሳምንታት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ከተላከች ለባለቤትህ አልጋ ሳይሆን ቤት ነው የሚያስፈልጋት። ዘመድ ከሌላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አነጋግሩ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ቤተሰብ ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ስላለው ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የናሙናውን የፓቶሎጂ ወረቀት፣ የደም ምርመራዎቹን፣ የእያንዳንዱን ዙር መጠን የያዘውን ካርድ በአንድ ክላሰር አድርግ፤ ኮፒም አንሣ። እኛ አንድ ቦታ ካርዳችን ጠፍቶ፣ ናሙናው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተሠርቶለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አጥተን፣ እንደገና ከፍለን አሠርተነዋል። ታሞክሲፈን የተባለችው ክኒን የምትወሰነው በዚያ ምርመራ ነውና ከአሁኑ «ተልኳል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

ዕድሩንም አትፈር። እኛ «ዕድር ለቀብር ነው» እያልን ስንሸሽ፣ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መጥተው «ከሞታችሁ በኋላ የምናወጣውን ገንዘብ በቁማችሁ ብናወጣው ምን ይለናል?» ብለው አስቁመውናል። ያን ጊዜ የትራንስፖርቱ ግማሽ በዕድሩ ተሸፈነ።

ስድስተኛ ዓመቴ | ጥቅምት 4

«ሸኚው» ያለውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠያቂ ይብዛላችሁ፣ ግን ሰዓት ይኑረው። እኔን መድኃኒቱ ካደከመኝ ይልቅ ጠያቂ ፊት ቀና ብሎ መቀመጡ፣ ቡና መፍላቱ፣ «እከሌም በዚሁ ሞተች» የሚሉትን መስማቱ አድክሞኛል። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «ተኝታለች» ማለት ለመደ። ውሸት ነበር፤ ይህን ውሸት እፈቅድልሃለሁ።

ታቦር ሥር | ጥቅምት 26

ይህን የምትጽፈው ባለቤቱ ናት፤ ስልኩን ተቀብዬው ነው።

የመጀመሪያው ዙር አለፈ፤ ነገ ሁለተኛው ነው። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሆነን ተቀምጠን፣ ቀዩ መድኃኒት በእጄ ሲገባ ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ ገርጥቶ ነርሶቹ ለእርሱ ወንበር አመጡለት። ሽንቴ ሲቀላ አልደነገጥኩም። ሦስት ቀን አስመለሰኝ፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የሲዳማ ጎረቤታችን ቡርሳሜ ይዛ መጣች፣ የቅቤው ሽታ ስለ ገፋኝ ቆጮውን ብቻ በወተት በላሁ። በዘጠነኛው ቀን ማታ 38 ከ2 አተኮሰኝ። እኔ «ነገ ይሁን» ብል፣ ባለቤቴ የነርሷን ጽሑፍ እያነበበልኝ ባጃጅ ጠራ፤ ሌሊቱን በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶኝ በሦስተኛው ቀን ወጣሁ። ማን እንደ ሆንሽ ባላውቅም፣ እህቴ፣ ያን ሌሊት የወሰደኝ ጽሑፍሽ ነው።

ፀጉሬ ባለፈው ሐሙስ ትራሴ ላይ ቀረ። ልጄ «እኔ ልላጭሽ» አለችና ግቢ ውስጥ ተቀምጬ በአባቷ መላጫ ላጨችኝ። ትንሹ ልጄ ራሴን ዳብሶ «እንደ እኔ ሆንሽ» አለኝ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ሻሼን አሰርኩ።

ባሎች ለምታነብቡት አንድ ነገር ልበል። ባለቤቴ ውጤቱን ከሰማ ቀን ጀምሮ «እንዳልገፋሽ፣ እንቅልፍሽ እንዳይረበሽ» እያለ ልጆቹ ክፍል ፍራሽ አንጥፎ ይተኛ ነበር። እኔ ጡቴ ስለ ታመመ የተጠየፈኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ይህን አላወቀም፣ እኔም አልነገርኩትም። ነርሷ «ባልሽ አጠገብሽ ይተኛ» ብላ የጻፈችውን ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ያን ማታ ፍራሹን ጠቅልሎ መጣ። ቀዶ ሕክምናው ሲደርስ ደግሞ አዲስ ፍርሃት ይኖረኛል፤ «ስድስተኛ ዓመቴ»፣ ያኔ አንቺን እጠይቅሻለሁ።

ስድስተኛ ዓመቴ | ጥቅምት 26

ጠይቂኝ። ብትፈልጊ ጠባሳዬን አሳይሻለሁ። እኔ ቀዶ ሕክምና ከመግባቴ በፊት አንድም የዳነች ሴት ደረት አይቼ አላውቅም ነበር፤ በምናቤ የሣልኩት ከእውነተኛው እጅግ የከፋ ነበር። የቁስሉን ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ከተነሣ በኋላ ጣቶችሽን በግድግዳ ላይ እያስኬድሽ ክንድሽን ወደ ላይ የምታወጪበት እንቅስቃሴ አለ፤ እርሱን አብረን እንሠራዋለን።

ታቦር ሥር | ጥቅምት 29

አሁን የምጽፈው እኔ ባልየው ነኝ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ቀለል ብሏል። አንድ ያልጠበቅነው ችግር ግን አጋጠመን፤ የበርበሬውን ሽታ ጨርሶ አልቻለችውም። ሦስቱ ባልዲዎች ወጥ ቤት ስላሉ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ያስመልሳታል። ክዳኑን በላስቲክ ብናስረውም አልሆነም። ማውጣት አለብን፤ እርጥበት እንዳይገባው ግን የት ይቀመጥ?

ሸኚው | ጥቅምት 29

ሱቃችን መደርደሪያ ላይ ደረቅ ቦታ አለ፤ ነገ ጠዋት በጋሪ እወስደዋለሁ። ባለቤቴ ግን ለአደራው የሦስተኛውን ባልዲ ሩብ ትጠይቃለች፤ ቀደም ብዬ ነግሬሃለሁ፣ ትደራደራለች።

ታቦር ሥር | ጥቅምት 29

ሚስትየዋ ናት። ስምንተኛው ዙር መጋቢት 3 ነው። ባልዲዎቹን በፋሲካ ሰሞን ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፤ የሩቡን ነገር ያን ጊዜ ከባለቤትህ ጋር ፊት ለፊት እንጨርሳለን።